የአፍሪካ ቀንድ ድርቅ የተፈጥሮ ዑደት ነው ወይስ የሰው ልጅ ሥራ?

እአአ በ2025 የመጨረሻ ወራት፣ በምሥራቅ ኬንያ፣ በሶማሊያና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች ሊጥል የሚገባው ዝናብ እንደገና ሳይጥል ቀረ። የሶማሊያ መንግሥትም በኅዳር ወር ድርቁን አገር አቀፍ አደጋ ብሎ አወጀ። የትንበያ ባለሙያዎች ምክንያቱን አስቀድመው ተናግረው ነበር። በፓስፊክ ውቅያኖስ ላኒና እየተፈጠረ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ በኢንዶኔዥያ በኩል ያለው ውሃ በአፍሪካ በኩል ካለው ይልቅ እየሞቀ ነበር። እንዲህ ሲሆን ዝናብ አዘሉ ደመና ወደ ምሥራቅ ይሸሻል። ሁለቱም ክስተቶች የተፈጥሮ ዑደቶች ናቸው፤ ፋብሪካና መኪና ከመፈጠራቸው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊትም ይመላለሱ ነበር።

ከዚህ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው የአየር ንብረት ለውጥን በዓለም ላይ ከተፈጸሙ ማጭበርበሮች ሁሉ ትልቁ ሲሉ ገልጸውት ነበር። አስተዳደራቸው በዚያው ዓመት ከፓሪሱ ስምምነት ለመውጣት ወስኗል። ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር በተያያዘ ጉዳት ለደረሰባቸው አገራት የተቋቋመው ፈንድ ቦርድ ውስጥ የነበረውን መቀመጫም ለቅቋል።

ትንበያውንና ንግግሩን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ድርቁን ያመጣው ላኒና ከሆነ፣ ላኒናም የተፈጥሮ ከሆነ፣ የአፍሪካ ቀንድ አርብቶ አደር ለሞቱበት ከብቶች የበለጸጉ አገራት ፋብሪካዎች ተጠያቂ የሚሆኑት በምን ሒሳብ ነው? ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ ያለበት ጥያቄ ነው። ድርቁ የተፈጥሮ ከሆነ ከውጭ የሚመጣው እህል ምጽዋት ነው፤ ሰጪው ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ ይተዋል። የሰው ሥራ ከሆነ ግን በዳይና ተበዳይ አለ፣ የሚጠየቀውም ካሣ ነው።

ድርቅ አዲስ አይደለም

የተፈጥሮ ዑደትን የሚያነሡ ወገኖች በእጃቸው ያለው ማስረጃ ባዶ አይደለም። ኢትዮጵያውያን 'ክፉ ቀን' ብለው የሚያስታውሱት፣ እአአ ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ረኀብ የደረሰው በከባቢ አየር ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ገና ጎልቶ ሳይጨምር ነው። በጊዜው ኃይለኛ ኤልኒኖ ተከስቶ ነበር። ከጣልያኖች ጋር በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታም የሚያርሱትን በሬዎች ጨረሰ። የሶማሊ አርብቶ አደሮች ለየድርቁ ስም ያወጣሉ፤ የ1974ና የ75ቱ 'ዳባዴር'፣ ባለ ረጅም ጅራቱ፣ ይባላል። በቦረናም የየዘመኑ ድርቅ በወቅቱ በነበረው አባ ገዳ ስም ይታወሳል። ስም ማውጣት ያስፈለገው ድርቅ ተመላላሽ በመሆኑ ነው።

ከዚያም አልፎ ወደ ሩቁ ዘመን ቢኬድ የተፈጥሮ ለውጥ ከዚህ እጅግ የገዘፈ ሆኖ ይገኛል። ዛሬ ለየብቻቸው የሚታዩት የዝዋይ፣ የላንጋኖ፣ የአቢያታና የሻላ ሐይቆች ከ10 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ውሃው ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ሰሐራም ያኔ ሣር የሚበቅልበት፣ ጉማሬ የሚኖርበት ምድር ነበር። ያን ዘመን ያመጣው የመሬት ምሕዋርና ዘንግ ቀስ በቀስ መለዋወጥ መሆኑን፣ የሰርቢያው ሳይንቲስት ሚሉቲን ሚላንኮቪች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሠሩት ስሌት ላይ የተመሠረቱ ጥናቶች አሳይተዋል።

እዚህ ድረስ ተጠራጣሪዎቹ ትክክል ናቸው። ስህተቱ የሚጀምረው 'ድሮም ነበር' ከሚለው ተነሥተው 'ስለዚህ ዛሬም ያው ነው' ወደሚለው ሲሻገሩ ነው። ሰደድ እሳት ሰው ከመፈጠሩ በፊት በመብረቅ ይነሣ ነበር፤ ዛሬ ክብሪት የሚጭር ሰው የለም ማለት ግን አይደለም።

ተፈጥሮ የሚተወው አሻራ

የምድር ሙቀት በተፈጥሮ ምክንያት ቢጨምር ኖሮ ከየት እንደመጣ የሚያመለክት አሻራ ይተው ነበር። ሳይንቲስቶች ይህንኑ አሻራ ለአሥርተ ዓመታት ሲፈልጉ ቆይተዋል።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመሬት ምሕዋር ነው። ይህ ዑደት እጅግ ዘገምተኛ ነው፤ ምድር ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን ወጥታ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ለመሞቅ ብዙ ሺህ ዓመታት ፈጅቶባታል። አሁን ያለንበት የዑደቱ ክፍል ደግሞ፣ ለብቻው ቢተው፣ ምድርን በጥቂቱ ወደ ቅዝቃዜ የሚወስድ ነው።

ፀሐይም ተመርምራለች። ከ1970ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ሳተላይቶች የፀሐይን ኃይል በቀጥታ ሲለኩ ቆይተዋል። በየ11 ዓመቱ ከፍና ዝቅ ከማለቱ በቀር ሙቀቱን ሊያብራራ የሚችል ጭማሪ አልታየበትም። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ሌላ ነው። ምድርን የምታሞቀው ፀሐይ ብትሆን ከባቢ አየሩ ከታች እስከ ላይ ይሞቅ ነበር። የታየው ግን የታችኛው አየር ሲሞቅ፣ ስትራቶስፌር የሚባለው የላይኛው ክፍል መቀዝቀዙ ነው። ይህ ሙቀት ከታች ታፍኖ መቅረቱን ያሳያል፤ ሙቀት አማቂ ጋዞች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

እሳተ ገሞራ በዚህ አካባቢ ሲነሣ ሰሚ ያገኛል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በአፋር የሀይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ በደረሰ ጊዜ፣ የሰው ልጅ ከዚህ ጋር ሊወዳደር ይችላልን ያለ ብዙ ነበር። በዓመት ሒሳብ ግን የዓለም እሳተ ገሞራዎች በሙሉ የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሰው ልጅ ከሚለቀው 1 በመቶ አይሞላም። ትልልቆቹ ፍንዳታዎች እንዲያውም ምድርን ያቀዘቅዛሉ። በ1991 በፊሊፒንስ የፈነዳው ፒናቱቦ የዓለምን አማካይ ሙቀት ለአንድና ሁለት ዓመት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ዝቅ አድርጎት ነበር።

የጋዙ ምንጭም አይሰወርም። በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ተይዞ የቆየው ጥንታዊ አየር እንደሚያሳየው፣ ባለፉት 800 ሺህ ዓመታት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች ከ300 በላይ ሆኖ አያውቅም። ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት 280 ገደማ የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል። የተጨመረው ካርቦንም ከጥንት ቅሪት የመጣ መሆኑ ይታወቃል። ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ለሚሊዮኖች ዓመታት ከምድር በታች ስለቆዩ ካርቦን 14 የሚባለው ዓይነት በውስጣቸው አልቆ ጠፍቷል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው የካርቦን 14 ድርሻም በዚያው ልክ ሲሳሳ ተለክቷል።

የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ፓነል በ2021 ባወጣው ሪፖርት ሒሳቡን ዘግቶታል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 2010ሮቹ ድረስ በሰው ምክንያት የመጣው የሙቀት ጭማሪ 1.07 ዲግሪ ገደማ ነው። የፀሐይና የእሳተ ገሞራ ድርሻ ሲደመር ከዜሮ ከ0.1 ዲግሪ በላይ ከፍም ዝቅም አይልም። ኤልኒኖንና ላኒናን የመሰሉ የውስጥ ዑደቶችም ከ0.2 ዲግሪ አያልፉም።

ይህን በቀላሉ ለማየት የሚፈልግ ሁለት ዓመታትን ያነጻጽር። 1998 እጅግ ኃይለኛ ኤልኒኖ የነበረበት፣ በጊዜው በሙቀቱ ክብረ ወሰን የሰበረ ዓመት ነበር። 2022 ምድርን የሚያቀዘቅዘው ላኒና ለሦስተኛ ዓመት የሰፈነበት ነበር። ሆኖም 2022 ከ1998 ይሞቃል። የዛሬው 'ቀዝቃዛ' ዓመት ከትናንቱ ትኩስ ዓመት በልጧል ማለት ነው።

አምስቱ የዝናብ ወቅቶች

ይህ ስለ ዓለም አማካይ ሙቀት ነው። አማካይ ሙቀት ግን ላም አይገድልም። የሚገድለው በአንድ ቦታ በአንድ ወቅት የሚደርስ ድርቅ ነው፤ አከራካሪው ጉዳይም እዚህ ላይ ነው።

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በምሥራቅ ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። በ40 ዓመታት ውስጥ እንዲህ ያለ አልታየም። ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለከፋ የምግብ እጦት ተዳረጉ፤ ከ13 ሚሊዮን በላይ የቤት እንስሳት አለቁ። በሶማሊያ ብቻ በ2022 በድርቁ ሳቢያ 43 ሺህ ያህል ተጨማሪ ሞት መድረሱን፣ ከሟቾቹም ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት መሆናቸውን የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴርና የመንግሥታቱ ድርጅት ተቋማት ይፋ ያደረጉት ጥናት ገምቷል።

ዎርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ስብስብ በኬንያዊቷ ጆይስ ኪሙታይ መሪነት ያጠናው ጥናት በሚያዝያ 2023 ሲወጣ፣ ብዙ መገናኛ ብዙኃን የያዙት አንድ ቁጥር ነው፦ የአየር ንብረት ለውጥ ድርቁ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ 100 እጥፍ አሳድጎታል። ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ለብቻው ሲነገር ያሳስታል። የጥናቱ ውስጥ ከርዕሱ ይልቅ የሚያስገርም ነገር ይዟል።

ተመራማሪዎቹ ዝናቡን ብቻ ለይተው ሲመለከቱ፣ በሁለቱ ዓመታት የጎደለው ጠቅላላ የዝናብ መጠን በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ነው ለማለት አልቻሉም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዋናው ዝናብ በሙቀቱ ምክንያት እየሳሳ መምጣቱን አይተዋል፤ የዚህ ወቅት ዝናብ የማነስ ዕድሉ በእጥፍ ያህል ጨምሯል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚጥለው፣ ሶማሊዎች 'ደይር' ቦረናዎች 'ሐገያ' የሚሉት አጭር ዝናብ ደግሞ በተቃራኒው እየበረታ የሚሄድ ነው። በነዚያ ዓመታት ይህንን ጭማሪ የሰረዘው ላኒና ነበር። ስለዚህ ዝናቡ የቀረው በከፊል በተፈጥሮ ነው የሚለው አባባል በሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ተረጋግጧል።

ታዲያ መቶ እጥፉ ከየት መጣ? ከትነት ነው። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ተን መሸከም ይችላል። ዝናብ በሌለበት ጊዜ ይህ የተጠማ አየር የሚጠጣው ከአፈሩ፣ ከሣሩና ከኩሬው ነው። ጥናቱ እንዳመለከተው፣ ምድር 1.2 ዲግሪ በቀዘቀዘችበት ዓለም ውስጥ ያው የዝናብ እጥረት ቢደርስ ኖሮ መሬቱ ከወትሮው ትንሽ የደረቀ ይሆን ነበር እንጂ ድርቅ የሚባል ነገር አይከሰትም ነበር።

ለአርብቶ አደሩ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። አንድ ዝናብ ሲቀር ግጦሹ እስከሚቀጥለው ዝናብ ይቆይ የነበረው ቀርቷል። የዝናቡን መምጫና መቅሪያ አሁንም በአመዛኙ ውቅያኖሱ ይወስናል፤ ዝናቡ ሲቀር ሣሩ ለስንት ሳምንት እንደሚቆይ የሚወስነው ሙቀቱ ሆኗል።

ዑደቱም እንደ ድሮው አይደለም

'ተፈጥሮ' እና 'ሰው' ብሎ ለሁለት መክፈልም የራሱ ችግር አለበት። ላኒና ሲከሰት ምዕራባዊው ፓስፊክ ይሞቃል፤ ይህ ሙቅ ውሃ የምሥራቅ አፍሪካን እርጥበት ይስባል። ያው የውቅያኖስ ክፍል በበካይ ጋዞች ምክንያት ከላኒና ውጪም እየሞቀ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ክሪስ ፈንክን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ሁለቱ ሲደራረቡ በምሥራቅ አፍሪካ የሚያመጡት ድርቅ ላኒና ለብቻው ከሚያመጣው የከፋ መሆኑን ሲያሳስቡ ቆይተዋል።

በሌላ በኩል ሳይንሱ ያልፈታው ቋጠሮ አለ፤ ይህንን መሸፈን ተዓማኒነትን ይጎዳል። አብዛኞቹ የአየር ንብረት ሞዴሎች ምሥራቅ አፍሪካ እየሞቀች ስትሄድ ዝናቧ ይጨምራል ይላሉ፤ ከ1980ዎቹ በኋላ ግን የመጋቢት-ግንቦቱ ዝናብ ሲቀንስ ነው የታየው። ሳይንቲስቶች 'የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ' ይሉታል። በአካባቢው ግድብ የሚሠራ መንግሥት ለውሃ ብዛት ይዘጋጅ ወይስ ለእጥረት? መልሱ ገና አከራካሪ ነው።

ለጊዜው ሁለቱም እየመጡ ነው። አምስቱ ወቅቶች ካለፉ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2023 መጨረሻ ላኒና በኤልኒኖ ተተክቶ፣ የሕንድ ውቅያኖስም ሚዛኑን ለውጦ፣ በዚያው በደረቀው መሬት ላይ ጎርፍ ወረደበት። ከድርቁ የተረፉ ፍየሎች ጎርፍ ወሰዳቸው። ተመራማሪዎች የሰው ሠራሹ ሙቀት ያን ዝናብ እስከ ሁለት እጥፍ እንዳበረታው ገምተዋል።

በኢትዮጵያ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ደቡቡንና ደቡብ ምሥራቁን በጎርፍ የሚያጥለቀልቀው ኤልኒኖ የሰሜኑንና የመካከለኛውን ክረምት ያሳሳል። በ2015 በኤልኒኖ ሳቢያ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች የምግብ እርዳታ ያስፈለጋቸው ለዚህ ነው። በአንድ አገር ውስጥ ያው ዑደት ለአንዱ ጎርፍ ለሌላው ድርቅ ይሆናል።

ሁለቱም መልሶች መሸሸጊያ ሲሆኑ

'ተፈጥሮ ነው' የሚለው መልስ በካይ አገራትን ነጻ እንደሚያወጣ ግልጽ ነው። ያን ያህል የማይነገረው፣ 'የአየር ንብረት ለውጥ ነው' የሚለውም የቀጣናውን መንግሥታት ነጻ ሊያወጣ መቻሉ ነው።

በ2011 በሶማሊያ በደረሰው ረኀብ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ሲሞቱ፣ የዝናቡ መቅረት አስቀድሞ ተተንብዮ ነበር። አል ሸባብ የእርዳታ ድርጅቶችን ከልክሎ ነበር፤ ለጋሾችም ገንዘቡን የለቀቁት ረኀብ ከታወጀ በኋላ ነው። በ2022 ዝናቡ ከዚያ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ቀርቶ የሟቾቹ ቁጥር ያነሰው ርዳታው ቀድሞ ስለደረሰ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነቱ የአገሪቱን ገንዘብና ትኩረት በወሰደባቸው ዓመታት ቦረና ከብቶቿን ታጣ ነበር። ለዚህ ተጠያቂ የሚሆን የካርቦን ቅንጣት የለም።

ከዚህ ጋር የሚነሣ ሌላ የማይመች ጉዳይም አለ። አፍሪካ ከዓለም በካይ ጋዝ የምትለቀው ከ4 በመቶ አይበልጥም፤ የመንግሥታቱ የካሣ ጥያቄ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ዩጋንዳና ታንዛኒያ ግን ከሆይማ እስከ ታንጋ የሚዘረጋውን 1,443 ኪሎ ሜትር የድፍድፍ ነዳጅ ማስተላለፊያ እየገነቡ ነው። ሁለቱ አገራት አውሮፓ በነዳጅ የበለጸገችበትን መንገድ መከልከላችን ግፍ ነው ይላሉ፤ ክርክሩም ሚዛን የሚደፋ ነው። ይሁን እንጂ ቃጠሎው ድርቅ ያመጣል ብሎ ካሣ የሚጠይቅ መንግሥት አዲስ ጉድጓድ ሲቆፍር በድርድር ጠረጴዛ ላይ ድምፁ መቅለሉ አይቀርም።

ካሣው ከማን ይጠየቃል?

ሕጉ በአንድ እርምጃ ወደፊት ሄዷል። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2025 በሰጠው የምክር አስተያየት አገራት የአየር ንብረትን ከጉዳት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ግዴታቸውን የጣሱትም ካሣ እስከ መክፈል ሊጠየቁ እንደሚችሉ ገልጿል። ቅድመ ሁኔታም አስቀምጧል፤ በጥፋቱና በጉዳቱ መካከል በቂ ቀጥተኛና እርግጠኛ ግንኙነት መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ከዚህ በኋላ 'ሰው ነው ወይስ ተፈጥሮ' የሚለው ጥያቄ የሚነሣው በችሎት ነው፤ 'ከድርቁ ስንት እጁ' ተብሎ።

ገንዘቡ ግን ሕጉን አልተከተለም። በሻርም ኤል ሼክ ጉባኤ የተወሰነው የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ ለመጀመሪያ ዙር ያዘጋጀው 250 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለታዳጊ አገራት በሙሉ። ያ ሁሉ ገንዘብ ለአፍሪካ ቀንድ ብቻ ቢሰጥ፣ በአምስቱ ወቅቶች ለሞተው ለእያንዳንዱ እንስሳ 20 ዶላር አይደርስም።

ለችሎቱ የሚቀርበው ማስረጃም ሌላ እንቅፋት አለበት። በግንቦት 2023 በሩዋንዳ ከ130 በላይ፣ በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ካሌሄ ግዛት ደግሞ ከ400 በላይ ሰዎች በጎርፍና በመሬት መንሸራተት ሞቱ። የአፍሪካ ቀንድን ድርቅ ያጠናው ስብስብ በዚህም ላይ የሰውን እጅ ለመለየት ሞክሮ ነበር። አልቻለም። በአካባቢው ለዓመታት ዝናብ የለኩ ጣቢያዎች እጅግ ጥቂት ስለሆኑ፣ ያለው መረጃም ስለማይጣጣም፣ አዎ ማለትም አይደለም ማለትም ሳይችል ጥናቱ ተዘጋ። በሶማሊያም ከ1991 የመንግሥት መፍረስ በኋላ የጣቢያዎቹ መዝገብ ለዓመታት ተቋርጧል፤ ዛሬ ያለው ስሌት በአብዛኛው በሳተላይት የተሞላ ነው።

የ2027ቱ የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ ይካሄዳል። አፍሪካውያን ተደራዳሪዎች በቤታቸው የካሣውን ጥያቄ እንደሚያነሡ አያጠራጥርም። ከካሌሄ የሚመጣ ተደራዳሪ ግን በተራራው ላይ በዚያች ሌሊት ስንት ሚሊሜትር እንደዘነበ ቢጠየቅ የሚያሳየው መዝገብ የለውም።